ቀለም ያልነካት መኪና

ወንድሜ ሳዑዲ ሆኖ መኪና መግዛቱን የነገረኝ ወፍጮ ቤት ውስጥ ማሽላ እየፈጨሁ ሳለ ነው። የሞተሩ ጩኸት አላሰማ ስላለኝ ስልኩን ይዤ ደጅ ወጣሁ።

«አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ገዝቶልኛል፤ ሐሙስ ያመጣልሃል» አለኝ። «ግቢ ውስጥ አቁምልኝ። ሞተሯን በየጊዜው አስነሳት፤ እማ ሐኪም ቤት ስትሄድም ውሰድባት። ስመጣ የምሠራባት እኔው ነኝ። አደራ!»

«አብሽር» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሌላ ወንድምም እህትም የለንም። አባታችን ሲሞት እሱ እኔ እንድማር ብሎ የራሱን ትምህርት አቋርጦ ወፍጮውን ያዘ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ደግሞ ወፍጮውን ለእኔ አስረክቦ በባሕር ተሻገረ። መንገድ ላይ ስላየው ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም። ብቻ ደርሶ ሥራ ሲይዝ መላክ ጀመረ። የቤታችን ቆርቆሮ፣ የእማ መድኃኒት፣ የወፍጮው አዲስ ሞተር፣ ሁሉም የእሱ ላብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የማወራው ምሬት ስለሆነ ነው። ወንድሜን ምን ያህል እንደምወደው ያላወቀ ሰው ምሬቴን የምቀኝነት ሊያስመስልብኝ ይችላል።

መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ነበረች። የጃፓን ናት፤ አዲስ ባትሆንም ጥሩ የተያዘች ነበረች። ያመጣት ሰው ቁልፉን ሲሰጠኝ ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ቀለም ያልነካት ናት፤ ከፋብሪካ እንደወጣች» አለኝ። በመኪና ገበያ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አላወቅሁም። ቀለም ያልነካት ማለት ያልተጋጨች፣ ያልተገለበጠች፣ የሚደበቅ ነገር የሌላት ማለት ነው። ቀለም የነካት ሲባል ደግሞ ገዢው ሌላ ማብራሪያ አይሰማም፤ አንድ ጉድ አለ ማለት ነው።

እማ ከቤት ወጥታ መኪናዋን ዞረቻት። «ማሻአላህ! ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ይጠብቅህ» አለች፣ ወንድሜ እዚያው የቆመ ይመስል ኮፈኑን እየዳበሰች።

ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ለከተማችን ለከሚሴ የሚሆን አይደለም። ሙቀቱ አለ፤ ከጨፋ ሜዳ በኩል የሚነሳው አቧራ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛ ወፍጮ አለ። መኪናዋን ያቆምኩት ከወፍጮ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ ከለላ ሥር ስለነበር በየማለዳው ዱቄት ተነስንሶባት አገኛታለሁ፤ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደርጋታለሁ። የሚያስፈጩ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ ተደግፈዋት ይቆማሉ። አንድ ቀን ከገበያ የተገዛች ፍየል ገመዷን በጥሳ ኮፈኗ ላይ ወጥታ ተገኘች። ባለቤቱ «ወላሂ ይቅር በለኝ» እያለ ጎትቶ ሲያወርዳት በሰኮናዋ አንድ መስመር ጎትታ ወረደች። ሌላ ቀን እማን ይዤ ወደ ባቲ ለቅሶ ስሄድ ከፊቴ የመጣ ከባድ መኪና መንገዱን ይዞብኝ ወደ ቀኝ ብሸሽ የግራር እሾህ የቀኝ የኋላ በሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቧጨረው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። የዒድ ጠዋት ሰግደን ስንመለስ ፀሐይዋ በሰያፍ ኮፈኑ ላይ አርፋ ነበርና አየሁት። ቀለሙ በሙሉ በቀጫጭን ክብ ጭረቶች ተሸፍኗል፤ የሸረሪት ድር የተዘረጋበት ይመስላል። አብሮኝ የነበረው ጎረቤታችን ቆም ብሎ «የወንድምህ መኪና አረጀች እኮ» አለኝ። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ወንድሜ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ብሏል። በበረሃ ሠርቶ የገዛት መኪና ይህን ፊት ይዛ ነው የምትቀበለው?

መጀመሪያ የሄድኩት ወንዝ ዳር ወዳሉት መኪና አጣቢዎች ነው። አንዱ «ፖሊሽ እንሠራለን» ብሎ መሣሪያውን አሳየኝ፤ ከብረታ ብረት ቤት የተዋሰው ግራይንደር ነው፤ ጫፉ ላይ የበግ ቆዳ አስሮበታል። በአንድ ሚኒባስ ላይ ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ጭረቱ እውነትም ይጠፋል። ነገር ግን ኮፈኑ ታጥፎ የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ መጣ፤ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ግራጫው መሠረት ታየ። አጣቢው እጁን ጣል አድርጎበት አለፈ፤ ሹፌሩም አላየም። እኔ ግን አይቼዋለሁ። «ነገ እመጣለሁ» ብዬ ሄድኩ፤ አልተመለስኩም።

ራሴ ልሠራው ቆረጥኩ። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ስልኬ ላይ የውጭ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ መኪናቸውን ሲያበሩ ማየት ያዝኩ። የሚናገሩትን ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው፤ እጃቸውን ግን እከተላለሁ። እያደር የገባኝ ማሽኖቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት መሆናቸው ነው። አንደኛው እንደ ግራይንደሩ ቀጥ ብሎ አንድ ቦታ ላይ የሚሽከረከር ነው፤ ጉልበተኛ ነው፤ ቶሎ ይጨርሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ግን ቀለሙን ያቃጥላል። ሁለተኛው እየዞረ ደግሞ ወዲህ ወዲያ ይወዛወዛል። ቀርፋፋ ነው፤ ክንድ ያደነዝዛል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ስለማይጸና ቀለሙ ቶሎ አይግልም። ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለወፍጮ ሰው አይነገረውም። ድንጋዩን አጥብቀህ ከገጠምከው ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ፣ ተቃጥሎ ይወጣል፤ ሴቶቹ ገና ከሽታው ያውቁና ይመልሱልሃል።

ኮምቦልቻ ሄጄ መሣሪያ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ሱቅ ገባሁ።

«ለምን ሥራ ነው?» አለችኝ።

«ለመኪና ፖሊሽ። እቤቴ ልሠራ ነው።»

ከባዱን አውርዳ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። «ጋራዦች የሚወስዱት ይህን ነው። ጉልበት አለው።»

አነሳሁት። እንደ አንድ ቁና እህል ይከብዳል። «እኔ ጉልበቱን ነው የፈራሁት፣ እህቴ» አልኳት።

ሳቀች። «ጉልበት ፈራሁ ያለ ወንድ ዛሬ ገና ገጠመኝ። እንግዲያው ይህን ውሰድ፤ ድሪል ላይ የሚገጠም ነው፤ ርካሽ ነው።» አንድ ትንሽ ሳህን አወጣች። ድሪል ላይ ገጥማ ስታስነሳው ጫፉ ይንገዳገዳል፤ በሁለት እጅ እንኳ ቀጥ ብሎ አይያዝም። እሱንም መለስኩት።

በመጨረሻ ወንበር ላይ ቆማ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደች። «ይህን ማንም አይፈልገውም። ዘገምተኛ ነው ይሉኛል።»

የምፈልገው እሱን ነበር። ሰካሁትና አስነሳሁት፤ የሚወዛወዝ ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት አድርጌ ባንኮኒው ላይ ባሳረፍኩት ጨርቅ ላይ ጫን ስለው መዞሩን ተወና መንቀጥቀጥ ብቻ ጀመረ። ይህ ደስ አለኝ፤ ከልክ በላይ ሲጫኑት አልዞርም የሚል መሣሪያ ነው። የፍጥነት ማስተካከያው በደንብ እንደሚሠራ፣ ገመዱ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ግቢው እንዲደርስ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የሞተሩ ካርቦን ሲያልቅ መለዋወጫ እንደሚገኝለት ጠየቅሁ። ሴትዮዋ መለዋወጫውን ከመሳቢያ አውጥታ አሳየችኝ።

ስፖንጁን መምረጥ ከማሽኑ ይልቅ አስቸገረኝ። ብጫ፣ ብርቱካንማ፣ ጥቁር፣ ነጭ የሱፍ ክዳንም ነበር። ስልኬ ላይ ያየሁት ሰው ብጫው ጠንካራ ነው ይል ነበር፤ እዚህ ግን ብጫው እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል።

«ቀለሙን ተወው» አለችኝ፤ «እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ፍላጎቱ ነው የሚቀባው። በአውራ ጣትህ ጫነው።»

አንድ በአንድ እየተጫንኩ ለየኋቸው። ጠንካራው ጭረት ይቆርጣል፤ ለስላሳው ያበራል። ሱፉን ተውኩት፤ የሚኒባሷን ጠርዝ አስታወሰኝ። መካከለኛ ጥንካሬ ያላቸውን ጥቂት፣ ለስላሳዎቹን በርከት አድርጌ ወሰድኩ። የቆሸሸ ስፖንጅ ራሱ ይጭራልና ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ስፖንጆቹ ሁሉ ከማሽኑ ሳህን ሰፋ ማለታቸውንም አንድ በአንድ ለካሁ፤ ሳህኑ ከስፖንጁ ከወጣ ጠርዙ ቀለሙን ይቦጭቀዋል። ሻካራውንና ለስላሳውን የፖሊሽ ቅባት ጨምሬ በሚኒባስ ወደ ከሚሴ ተመለስኩ። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር፤ ዕቃ መጫኛ ላይ እንዲሰቅለው ለረዳቱ አልሰጠሁትም።

ወዲያው መኪናዋን አልነካሁም። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ በር ለምኜ አምጥቼ እጄ እስኪለምድ እሱን ፈተግኩ። ከዚያ በኋላ ነው ኮፈኗን የጀመርኩት። የምሠራው የንጋቱን ሱብሒ ሰግጄ፣ ብረቱ ሳይሞቅ ነው። ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ስለሚደክም ሰው ሳይመጣ መጨረስ አለብኝ። በሳሙና ውሃ አጥባታለሁ፤ አደርቃታለሁ፤ ጠርዞቹንና ጎማዎቹን በወረቀት ፕላስተር እሸፍናለሁ። ከዚያ የክንድ ስፋት ያላትን ቦታ ብቻ ለይቼ ቅባቱን ነጠብ ነጠብ አደርግና ማሽኑን አግድም፣ ደግሞ ቁልቁል በዝግታ እነዳዋለሁ። በለስላሳ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ እጄን አሳርፌ ሙቀቱን አያለሁ፤ እቀጥላለሁ።

የመጀመሪያዋ ቦታ ስትጠራ ቁጭ አልኩ። ድሩ ጠፍቷል። ቀለሙ ወደ ውስጥ የሚገባ ውሃ መስሏል፤ የግቢያችን ማንጎ ቅጠል በቅጠል ይታይበታል። አጠገቧ ያለችው ያልተነካችው ቦታ የሌላ መኪና ትመስላለች።

እማ ጠዋት ጠዋት የቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «ይህን ያህል ብረት ትፈትጋለህ?» ትለኛለች።

«ሲመጣ ደስ እንዲለው ነው።»

«እሱ አንተን ሲያይ ነው ደስ የሚለው» ትላለች።

ብዙ ጠዋት ፈጀብኝ። ጣሪያው፣ ግራና ቀኝ ፓራፋንጎው፣ ሦስቱ በሮች፣ የኋላ ክዳኑ። የፍየሏ መስመር እንኳ ከላይ ከላይ ስለነበር ጠፋ። የቀረችው ያቺ እሾህ የቧጨራት የቀኝ የኋላ በር ናት። ጥፍሬን ሳስኬድባት ይይዘኛል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት በፖሊሽ አይጠፋም፤ ላጥፋው ብለህ ከታገልክ ከቀለሙ በላይ ያለውን ልባስ ጨርሰህ ቀለሙን ትገልጠዋለህ። ስለዚህ በለስላሳው ስፖንጅ ዳበስ አድርጌ ተውኳት። ከሌሎቹ ደብዘዝ ብላ ቀረች። የሰው ንብረት ናትና ማስቀባት ከፈለገ ራሱ ያስቀባት አልኩ። ከሠራሁት ሁሉ በጥንቃቄ የወሰንኩት ይህን ነበር፤ የተፈረደብኝም በዚሁ ነው።

ወንድሜ የመጣ ቀን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኩት። ጠጉሩ ከጎኑ ሸብቷል፤ ትከሻው ጠቧል። ተቃቅፈን ቆየን፤ ማናችንም ቀድመን መልቀቅ አልቻልንም። ከዚያ ሻንጣውን ይዤ ወደ መኪናዋ መራሁት።

ቆመ። «ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

አንድ ዙር ዞራት። ማሻአላህ ይላል ብዬ ስጠብቅ «የተላከልኝ ፎቶ ላይ እንዲህ አልነበረችም» አለኝ።

«ሠርቻታለሁ» አልኩት፣ በኩራት።

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እረግማታለሁ። እኔ ለፍቼባታለሁ ማለቴ ነበር። እሱ የሰማው ግን የተሰበረ ነገር ሠራሁ ማለቴን ነው። ቀና ብሎ አየኝና ገባ። መንገድ ላይ ስለ እማ ደም ግፊት ጠየቀኝ፤ ስለ መኪናዋ አላነሳም።

እንግዳው ሲጎርፍ ሰነበተ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወንድሜ አገር ቤት የመቅረቱን ሐሳብ እንደተወው፣ ፈቃዱ ሲያልቅ እንደሚመለስ፣ መኪናዋንም ሊሸጣት እንዳሰበ ነገረን። ከፋኝ፤ ግን የእሱ ናት። ደላላ ይዞ መጣ፤ በእኛ ከተማ መኪና የሚያሻሽጥ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነው። ደላላው ሰላምታ ሰጥቶን ሳይቀመጥ መኪናዋን ዞራት። ጎንበስ ብሎ በጎኗ በኩል በአንድ ዓይኑ ቃኘ። የቀኝ የኋላ በር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በጣቱ ጠበጠባት፤ ወደ ፊት በሩ ተመለሰ፤ እንደገና ወደ ኋላዋ ሄደ።

«የፋብሪካ ቀለም ያላት ይቺ በር ብቻ ናት» አለ። «ሌላው ሁሉ ተቀብቷል። ጥሩ ቀቢ ነው የቀባው። ተገልብጣ ነበር እንዴ?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

«ወላሂ አልተገለበጠችም» አልኩ። «ፖሊሽ ነው። በእጄ ነው የሠራሁት።» ሮጬ ማሽኑንና ስፖንጆቹን አመጣሁ። ያቺን በር ለምን እንደተውኳት ላስረዳ ጀመርኩ፤ ጥፍሬን ጭረቱ ላይ እያስኬድኩ አሳየኋቸው። እያስረዳሁ ሳለ ንግግሬ መርዘሙ ለራሴም ይሰማኝ ነበር። እውነት የያዘ ሰው እንዲህ አያበዛም።

ደላላው ማሽኑን አንስቶ አገላበጠው። «በዚህ መጫወቻ?» ብሎ ሳቀና ለወንድሜ አቀበለው።

ደላላው ከሄደ በኋላ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ንገረኝ። አልቆጣም። ሰው ይጋጫል፤ አንተ በሕይወት ከተረፍክ ብረቱ ምን ያደርጋል?»

«አልተጋጨሁም።»

«ሰርግ እየዞርክ ትነዳት እንደነበር እዚያ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

«አንድ ሰርግ ነው፤ የጎረቤታችንን ሙሽራ ያመጣሁት። ለእማም ነግሬ ነው።»

«ይቅር ብዬሃለሁ እኮ ነው የምልህ!»

«ያልሠራሁትን ይቅር አትበለኝ!» አልኩት። በሕይወቴ በታላቅ ወንድሜ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። እማ ከውስጥ ወጣች። «ዺሲ፣ ተወው» አለች፤ ማንኛችንን እንደሆነ ግን አላወቅንም።

በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወስደን የላሜራ ባለሙያ እንዲያያት የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ የፓራፋንጎዎቹን ብሎኖች አየ፤ የብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም አልተሰበረም፤ ቁልፍ አልገባባቸውም። የበሮቹን ጎማ ገለጥ አድርጎ ውስጡን ከውጩ አስተያየ። ከቀለሙ ሥር ስብራት የሚሞላበት ስቱኮ እንዳለ በመዶሻ እጀታ እየነካካ ፈለገ። በመጨረሻ እጁን እየጠረገ ለወንድሜ «ወንድም፣ ይቺን መኪና ማንም አልቀባትም» አለው። «ያበራት ሰው ግን በደንብ ለፍቶባታል።»

ወንድሜ አመሰገነው። ወደ ከሚሴ ስንመለስ እሱ ነበር የሚነዳው። የማሽላው ወቅት ነበር፤ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ሜዳው ሁሉ ቀልቷል። እኔ እጠብቃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ አጥፍቻለሁ እንኳ ባይለኝ፣ ጉልበቴን በእጁ መታ ቢያደርጋት ይበቃኝ ነበር።

ብዙ ከሄድን በኋላ «ታዲያ ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«እኔ ያልኩህ አቁማት፣ ሞተሯን አስነሳት ነው። ማሽን ገዝተህ፣ ጠዋት ጠዋት እየተነሳህ… ሰው በሰው ንብረት ላይ እንዲህ አይለፋም።» ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «የአንተ ያደረግካት መስሎኛል። እኔ የማልመለስ መስሎህ ነበር።»

«ስትመጣ ደስ እንዲልህ ነው» አልኩት።

እውነት ነው። ግን ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የውሸት መሰለኝ፤ ተይዞ መውጫ ያጣ ሰው የሚናገረው ዓይነት ነገር ሆነ። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ አምኖኝ ይሁን ተስፋ ቆርጦ አላውቅም። በባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ምን እንዳየ አልነገረኝም ብያለሁ። ምናልባት ሰው ሁሉ በሌላው ሞት እንደሚጠቀም የተማረው እዚያ ይሆናል። ይህን ራሴን ለማጽናናት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እሱ ግን እኔን ነው እንዲህ ያለኝ፤ የምበላው እሱ በላከው ሆኖ፣ የእሱን ስም በየስግደቴ የማነሳውን እኔን።

መኪናዋ በዚያው ሰሞን ተሸጠች። ገዢው ከባቲ የመጣ ነጋዴ ነው። ያው ደላላ ኮፈኗን በመዳፉ እየመታ «ወላሂ ቀለም ያልነካት ናት፤ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ አታገኝም» ብሎ ሲምል ሰማሁት። ገዢው በኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ጥምጣሙን አስተካከለበትና ሳቀ። ወንድሜ ቁልፉን ሲያስረክብ ወደ እኔ አላየም። ስትወጣ የግቢውን በር የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ሊሄድ ሲል አቀፈኝ። ክንዱ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጊዜው ግን አጭር ነበር። «እማን አደራ» አለኝ። ምንም ነገር ሳላስብ እንደ ድሮው አደራህን እወጣለሁ ማለት አቃተኝ፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። አደራ ሲባል ከዚያ ወዲህ ልቤ ይቆማል። ምን ያህል ብሠራ ነው የሚበቃው? ምን ያህል ብሠራ ነው የሚበዛው? እማን ሐኪም ቤት ስወስድ፣ ቆርቆሮውን ሳስጠግን፣ ይህ ደግሞ ነገ ምን ያስብለኝ ይሆን እያልኩ እጄን እሰበስባለሁ።

ማሽኑ ወፍጮ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ነው። ጎረቤታችን የራሱን አሮጌ መኪና እንዳበራለት ጠይቆኝ ነበር። እሺ ብዬ አንድ ጠዋት ጀመርኩ። ኮፈኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ክንዴ ሳይደክም ነገሩ ሰለቸኝ፤ ሆኖም ቃሌ ነውና ጨረስኩለት። ሰውየው ደስ ብሎት ሲመርቀኝ «መኪናህ ደግሞ ተቀባች እንዳይሉህ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከወንድሜ ጋር በስልክ እንገናኛለን። ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፤ ደህና ነው እላለሁ። ስለ ማሽላው ዋጋ፣ ስለ እማ መድኃኒት፣ ስለ ሞተሩ ቀበቶ ይጠይቃል። መላኩንም አላቆመም። ስለ መኪናዋ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም።

ባለፈው ስልኩን ስዘጋ እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። «ታረቃችሁ?» አለችኝ።

«መቼ ተጣላን?» አልኳት።

ያልኳት እውነት ነው። ብንጣላ ኖሮ ሽማግሌ ይገባ ነበር፤ ጫት ተይዞ ዱዓ ይደረግ ነበር፤ አንዱ አጠፋሁ ይል፣ አንዱ ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ ይል ነበር። በከሚሴ ከዚህ የከበደ፣ ደም የገባበት ነገር እንኳ እንዲያ ሆኖ ሲያልቅ አይቻለሁ። እኔና ወንድሜ ግን አልተሰዳደብንም፣ አልተካሰስንም፣ የወሰደብኝም የወሰድኩበትም የለም። ለሽማግሌ ምን ብዬ ነው የምነግረው? መኪናውን አበራሁለት፣ እሱም በጥርጣሬ አየኝ ነው የምለው?

ሰው እህል ይዞ እየመጣ ስለነበር ተነሥቼ ወፍጮውን አስነሳሁ።